ሙዳ የማይበላውን አልሸጥም

የእህቴ ባል ውሻውን የሚያበላው በሰው ፊት ነው። እቤቱ ወስዶ ወይም ጓሮ ወርውሮለት አይደለም፤ ልኳንዳው በሰው እስኪሞላ ጠብቆ ነው። ቢላዋውን በመሳያው ሳብ ሳብ ያደርግና ከተሰቀለው ሽንጥ አንድ ሙዳ ይቆርጣል። ስቡን ይገፋል፣ ጅማቱን ይልጣል፣ የአጥንት ስባሪ እንዳትኖርበት በጣቱ ይዳስሳል። ሙሽራ የሚያስጌጥ ነው የሚመስለው። ከዚያ «ሙዳ!» ብሎ ሲጣራ ቡችላው ከባንኮኒው ሥር ብቅ ይላል። በመዳፉ ያጎርሰውና ወደ ደንበኞቹ ዞሮ፣ «እኔ ሙዳ የማይበላውን አልሸጥም!» ይላል። ሰው ይስቃል፤ ስቆ ደግሞ ይገዛል።

ድንቄም ውሻ ወዳጅ! ሥጋውን ውሻው ሲጎርስ አጥንቱ የት እንደሚሄድ ልንገራችሁ። ከልኳንዳው በላይ ባለው ቤት፣ እህቴ ድስት ውስጥ ይገባል። እሷ፣ አማቷና ልጇ ኩኩ መረቁን ይጠጣሉ፤ ከአጥንቱ ላይ የቀረችውን ቁራጭ ይግጣሉ። ውሻው ሽንጥ፣ ሚስትየዋ ቅልጥም። ይህን ለእህቴ ስነግራት «አይ እትዬ፣ መረቁም እኮ ይጣፍጣል» ትላለች። እህቴ እንዲህ ናት። እናታችን የሁለታችንንም ድርሻ ምላስ ለእኔ ብቻ የሰጠችኝ ይመስለኛል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከልኳንዳው ፊት ለፊት ነው፤ አንዲት ክፍል፣ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም መስታወት። ሴት ልጅ ወገቧ ሲለካ አፏ ይፈታልና በዚህ መንገድ የሚወራ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚደርሰው እኔ ጋ ነው።

ቡችላውን ያመጣው ገና ጡት እንደጣለ ነው። ዘሩ ትልቅ ነው፤ መዳፉ ገና ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ወፍራም ነበር። ከመጣበት ቀን ጀምሮ ከሙዳ ሥጋ በቀር አንድ ነገር በአፉ አልዞረም። እህቴ አንድ ቀን ሩዝ ቀቅላ፣ እንቁላል ጨምራ፣ ወተት ጠብ አድርጋ በሳህን ብታቀርብለት ባለልኳንዳው ሳህኑን በእግሩ ገለበጠው። «ውሻዬን ለማኝ ልታደርጊው ነው? የልኳንዳ ውሻ ሩዝ ሲልስ ሰው ቢያይ ምን ይለኛል?» አላት። ሌላ ቀን አንድ ደንበኛ «ኧረ አጥንት ጣልለት፣ ጥርሱን ያጠናክርለታል» ቢለው፣ «አጥንት የሚበላው ጌታው ሥጋ ያጣ ውሻ ነው» ብሎ አሳቀበት። ሰውየው ፊቱ ቀልቶ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ግን ቡችላው መበላሸት ጀመረ። የፊት እግሮቹ እንደ ደጋን ወደ ውጭ ጎበጡ። ሲነሣ እንደ ሽማግሌ ያቃስታል። ኩኩ አቅፋው መዋል ትወድ ነበር፤ አሁን ስታነሣው ይጮኻል፣ እሱ ሲጮኽ እሷም ታለቅሳለች። ደንበኞችም አዩ። «ሙዳ ምነው ያነክሳል?» ማለት መጣ። እንግዲህ አስቡት፤ ሰው ፊት ያቆመው ማስታወቂያ ማነከስ ሲጀምር ጥፋተኛ ያስፈልገዋል። ጥፋተኛ ደግሞ ፎቅ ላይ መረቅ ስትቀቅል አለችለት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቡችላው ከሶፋው ዘለለ። ኩኩ ቀኑን ሙሉ የምትዘልባት አጭር ሶፋ ናት። መሬት ሲነካ እግሩ ቀሽ ብሎ ተሰበረ። በክፍሉ ውስጥ የነበረችው እህቴ ብቻ ናት። ባለልኳንዳው ጩኸቱን ሰምቶ፣ ደም የነካው ሽርጡን እንደታጠቀ ደረጃውን በሩጫ ወጣ።

«ምን አደረግሽው?»

«ከሶፋው ላይ እኮ ነው የዘለለው።»

«ከዚች? ከዚች ዘሎ የሚሰበር ውሻ አለ? ውሻ ነው ብርጭቆ?»

እማማ፣ አማቷ ማለቴ ነው፣ ያን ጊዜ መታጠቢያ ቤት ነበሩ። ውሃው እየፈሰሰ፣ በሩ ተዘግቶ፣ «ስታመናጭቀው በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ብለው ማሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው። ልጃቸው መሐላውን ተቀበለና እግሩን ራሱ በእንጨት አሰረው። ሐኪም እናሳየው ብትለው፣ «እኔ ነኝ አጥንት የማላውቅ? ዕድሜዬን ሙሉ አጥንት ስከፍል የኖርኩት እኔ!» አላት።

በማግስቱ ጠዋት እሱ ቄራ እንደሄደ ሱቄን ዘግቼ ወጣሁና፣ «አንቺ ልጅ፣ ቡችላውን ጠቅልይው፤ እንሄዳለን» አልኳት። ፎጣ ውስጥ ጠቀለለችው። መንገዱን ሁሉ እያቃሰተ ሄደ።

የእንስሳት ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የጋውኑ እጅጌ ላይ የድመት ፀጉር ተለጥፎበታል። ሙዳን የብረቱ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ እግሩን፣ ጎድኑን፣ ወገቡን በቀስታ ዳሰሰው። ቡችላው ከሕመሙ ብዛት ጠረጴዛው ላይ ሸና። ሐኪሙ ጠረገለትና ራጅ ሊያነሣው ወደ ውስጥ ወሰደው። ሲመለስ ፊልሙን መብራት ያለበት መስታወት ላይ ሰቀለልን።

«እስቲ አጥንቱን ያሳዩኝ፣ እናቴ» አለኝ።

ባይ ባይ ሥጋው ይታየኛል፤ አጥንቱ ጭጋግ ነው። «መሣሪያህ ተበላሽቷል» አልኩት።

«መሣሪያውስ ደህና ነው። አጥንት ነጭ ሆኖ ነበር መውጣት ያለበት። የዚህ ግን ከሥጋው ሊለይ አልቻለም፤ ሳስቷል። ምን ይበላል?»

እህቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮራ ብላ መለሰች። «ሥጋ ብቻ። ምርጥ ምርጡን። ባለቤቴ ባለልኳንዳ ነው።»

ሐኪሙ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ለልጅ እንደሚያስረዱ አስረዳን። ሥጋ ክፉ አይደለም አለ፤ ክፉ የሚሆነው ብቻውን ሲሆን ነው። አውሬ እንኳ አድኖ ሲበላ ጉበቱንም፣ ሆድ ዕቃውንም፣ አጥንቱንም ያኝካል እንጂ ሙዳ መርጦ አይበላም። ተልጦ የጠራ ሥጋ ውስጥ ፎስፈረስ ሞልቷል፣ ካልሲየም ግን የለም ማለት ይቻላል። ቡችላ ደግሞ በማደግ ላይ ነው፤ ደሙ ካልሲየም ሲያጣ ከሌላ ከየትም አያመጣም፣ ከገዛ አጥንቱ ይወስዳል። ሲወስድ ሲወስድ አጥንቱ ቅርፊት ብቻ ይቀራል።

«ሰው መትቶት ሊሆን አይችልም?» አለች እህቴ።

«ይመልከቱ፣ ይቺ ጎድኑ ላይ ያለችው ስንጥቅ ናት። ይቺ ደግሞ ጀርባው ላይ። እንዲህ አድርጎ የሚመታ ሰው የለም። ይህ ውሻ ተኝቶ ሲገላበጥም ይሰነጠቃል።»

እህቴ ፊቷን በፎጣው ሸፍና አለቀሰች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ሐኪሙ ግራ ገባው፤ ውሻዋ ታሞ የሚያመሰግን ሰው አይቶ አያውቅማ። መድኃኒቱን ነገረን። እንዳይዘል በጠባብ ቦታ ይከለል፤ ለቡችላ ተብሎ የተዘጋጀ የተሟላ ምግብ ይብላ፤ ካልሲየሙ በልክ ይሰጠው፣ በግምት አይሁን፣ ሲበዛም ትልቅ ዘር ቡችላን ይጎዳል። የተቀቀለ አጥንት እንዳትሰጡት፣ ተሰንጥቆ አንጀቱን ይበሳዋል አለ። ገና ልጅ ስለሆነ ቶሎ ይድናል ብሎ አሰናበተን።

ፊልሙን ይዘን ስንመለስ በሰው ፊት እንዳልናገር እህቴ በእናታችን አጥንት ለመነችኝ። ለእሷ ስል ምላሴን ነክሼ ፎቅ ላይ ጠበቅኩት። መጣ፤ ሁሉንም ነገርኩት። ፊልሙን ተቀብሎኝ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋው። ብዙ አየው። ይህ ሰው አጥንት ያውቃል፣ አልዋሸም። ሲገባው በፊቱ ላይ አየሁት። ጨርሶ ገብቶታል።

ከዚያ ፊልሙን አጥፎ የአጥንት ትራፊ ባልዲ ውስጥ ወረወረው።

«ከአያቴ ጀምሮ በሥጋ ያደግን ሰዎች ነን» አለ። «ሥጋ አጥንት ሰበረ ሲባል ዛሬ መስማቴ ነው። ነገ ደንበኛዬ ምን ይለኛል? ለልጆቼ ምን እያበላሃቸው ነው አይለኝም? እትዬ፣ ይህን ወሬ ከዚህ ክፍል ውጭ ከሰማሁ እህትሽን ከነጓዟ ሱቅሽ በር ላይ ታገኛታለሽ። ልጄ ግን ከዚህ ንቅንቅ አትልም።»

ስለዚህ ዝም አልን። እሱም ሽንጡን መቁረጡን፣ ስቡን መግፋቱን፣ በሰው ፊት ማጉረሱን ቀጠለ። ቡችላው እግሩ በእንጨት ታስሮ፣ በሦስት እግሩ እየተጎተተ ይመጣል፤ ሰው «አይ ሙዳ፣ አይዞህ» ይላል። ሥጋ ሻጩ ደግሞ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ፣ «ምን ላድርግ፣ እቤት ውስጥ የሚራራለት ጠፋ» ይላል። ደንበኛ እርስ በርሱ ይተያያል።

ሁለተኛው እግር የተሰበረው እህቴ እጅ ላይ ነው። ሊሸና ደረጃውን መውረድ ስላቃተው ልታወርደው አነሣችው፤ ሌላ ምንም አላደረገችም። ኩኩ አጠገቧ ቆማ ነበር። ቀሽ የሚለውን ድምፅ ልጅቷም ሰማች፤ ያየችው ደግሞ ውሻውን በእናቷ እጅ ላይ ነው።

እህቴ የዚያኑ ዕለት በአንድ ፌስታል ልብስ ሱቄ መጣች። «ለውሻ ያልራራች ለልጄ አትራራም» ብሎ ነው ያስወጣት፤ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ። ኩኩ ስትከተላት እማማ ክንዷን ያዙ። እህቴ ውሻውንም ባሏንም አላለችም፤ ቤቱንም አላነሣችው። ማሽኔ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ «ልጄን፣ እትዬ፣ ልጄን» ብቻ ትላለች። «ክሰሺው» አልኳት። «በክስ እስካገኛት አድጋ ትረሳኛለች» አለችኝ።

እማማ ኩኩን ሊወስዱ ከመድረሳቸው በፊት እህቴ ትምህርት ቤት በር ላይ ትጠብቃት ጀመር። አንድ ቀን አብሬያት ሄድኩ። ኩኩ ቦርሳዋን እያንገጫገጨች መጣችና እናቷ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «እማዬ፣ ሙዳን ለምን መታሽው?» አለች።

«አልመታሁትም፣ የኔ ልጅ።»

«አባዬ ነው ያለኝ።»

«እናትሽ ዋሽታሽ ታውቃለች?»

ኩኩ አሰበች። ልጅ የምሩን ሲያስብ ታውቃላችሁ፣ ግንባሯ ተጨማደደ። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች፤ አታውቅም ማለቷ ነው። እህቴ በዚያች በአንዲቷ መነቅነቅ ስንት ጊዜ ኖረች መሰላችሁ! እህል ሲያስጠላት፣ እንቅልፍ ሲያጣት፣ «ልጄ ግን ታምነኛለች» ትለኛለች። እኔም «አዎ፣ ታምንሻለች» እላታለሁ።

በዚህ መሐል ሙዳ ከልኳንዳው ጠፋ። ሞተ ብዬ ነበር። የሞተ መስሎኝ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ደስ ብሎኝም ነበር፤ ውሻው ሲሞት የሥጋው ነገር ይወጣል ብዬ ነው። ምን ዋጋ አለው፤ አንድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ያ ውሻ ልኳንዳው በር ላይ ቆሞ ጅራቱን ይቆላል። ፀጉሩ አብርቷል፣ ደረቱ ሰፍቷል። እግሩ ትንሽ ጎበጥ ከማለቱ በቀር ወዲያና ወዲህ ይሮጣል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ምን ያደርጋል፣ እኛ መንገድ ላይ እያደር የጠራው ውሸቱ ነው። «አየሽ፣ ሴትየዋ ከወጣች ወዲህ ውሻው ሰው ሆነ!» ይባል ጀመር። አንዷ ቀሚሷን ላሳጥርላት መስታወቱ ፊት ቆማ፣ እህቴ ከመጋረጃው በስተጀርባ እንዳለች እያወቀች፣ «እግዜር ያሳያችሁ፣ የዱላው ምስክር ራሱ ውሻው ነው» አለች። መርፌውን ወገቧ ላይ ሰካሁት። ሳላውቅ ነው ብዬም ይቅርታ አልጠየቅኳት።

በቀጥታ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። የራጁን ቅጂ ይስጠኝና መንገዱ መሐል ልስቀለው ብዬ ነው።

«የሙዳ ጌታ?» አለኝ ፈገግ ብሎ። «እየተመላለሰ ያሳየኛል እኮ። ሁለተኛው እግሩ በተሰበረ ማግስት ነው ያመጣው። እንዳልኩት ከለለው፣ የቡችላውን ምግብ ገዛ፣ ካልሲየሙን በልክ ሰጠ፣ ሥጋውን ተወ። የምለውን እንደሱ የሚሰማ ሰው ቢበዛልኝ!»

በማግስቱ! ሰማችሁ? ዛሬ ሚስቱን አባርሮ፣ ነገ ሚስቱ ያለችውን አደረገ። ከዚያ ወጥቼ ልኳንዳው እስክደርስ ድረስ በምን መንገድ እንደሄድኩ አላውቅም። ልኳንዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። ገብቼ ጮህኩ። ሥጋ ብቻ አብልቶ አጥንቱን እንዳሳሳው፣ ሐኪሙ እንደነገረው፣ ፊልሙን ባልዲ እንደከተተው፣ እህቴን አባርሮ በድብቅ እንዳሳከመው፣ ሁሉንም አወጣሁት። ዛሬም ቢሆን እደግመዋለሁ።

ባለልኳንዳው እስክጨርስ ጠበቀኝ። ቢላዋውን በጨርቅ እያበሰ፣ «ጨረስሽ፣ እትዬ?» አለ። ወደ ሰዉ ዞረ። «ሥጋዬ እግር ይሰብራል አሉ። እናንተ ስንት ዘመን በላችሁ፤ እስቲ ማነው ተሸክመውት የመጣ?» ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እውነት ተናግሮ መሳቂያ እንደመሆን የሚያቃጥል ነገር የለም።

ይሁን እንጂ ሳቁ ብዙ አልሄደለትም። ወሬ እግር አለው። እናቶች «እውነት ግን ለልጅስ እንዴት ነው?» እያሉ ይጠይቁት ጀመር። ሥጋ ለሰው ልጅ ሌላ ነው፣ ልጅ ከሥጋ ጋር ሌላም ይበላል ብሎ የሚያስረዳቸው የለም፤ ባለልኳንዳው ራሱ እንዳያስረዳ ቀድሞ ሐኪሙን አላውቀውም ብሎ ክዷል። እናም አንድ ከሰዓት በኋላ እማማ ሱቄ መጡ። ሳይቀመጡ፣ «ልጇን የምትፈልግ ከሆነ ትምጣ» አሉ። «ደንበኛ ባለበት ጥፋቷን ትመን፣ ሥጋውን ከክፉ ስም ታጥራ፣ ልጇን ይዛ ትሂድ ብሏል።»

«እንዳትሄጂ» አልኳት ለእህቴ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ይህ ሰው የሰጠሽን መልሶ ይወስድብሻል።»

«አፌ ምን ሊሠራልኝ ነው፣ እትዬ?» አለችኝ። «ልጄን ከሰጠኝ ውሻ አይደለም፣ ሰው ገደልኩ እላለሁ።» ፊቷን ታጠበች። ለኩኩ መኝታ እንዲሆን ማሽኔን ወደ ጥግ ገፋችው። አልጋ ልብስ አነጠፈች። ስታነጥፍ ታንጎራጉር ነበር፤ ዝምተኛዋ እህቴ።

ቅዳሜ ነበር፤ ሰው የሚበዛው ያን ቀን ነው። ነጩ ሴራሚክ ላይ የሚዛኑ ጥላ ወድቋል፤ እህቴ ሚዛኑ አጠገብ ቆመች። ባለልኳንዳው የሚያጓራውን የአጥንት መቁረጫ መጋዝ አጠፋ።

«ውሻውን የመታሁት እኔ ነኝ» አለች። «እግሩን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ሁለቱንም ጊዜ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያስጠኗት እማማ ናቸው። «ሥጋው ምንም አላደረገውም።»

ይህን እያለች ሙዳ ከባንኮኒው ሥር ወጣ። ጠረን ለየ፤ ጅራቱ ወገቡን ይዞት እስኪወዛወዝ ድረስ ቆላ፤ እየተሽቆጠቆጠ መጣና ጫማዋን ልሶ እግሯ ላይ ጋደም አለ። ያ ሁሉ ሰው አየው። እኔ አሁን ይገባቸዋል ብዬ ነበር፤ የተመታ ውሻ የመቺው እግር ላይ አይተኛም።

«ወይ ውሻ!» አለ አንዱ። «የሰበረውን እንኳ አይቀየምም።»

«ጌታውን መስሎ ነዋ» አለች ሌላዋ።

ባለልኳንዳው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እኔም ይቅር ብያለሁ» አለ። ሰዉ እሰይ እሰይ አለ። የእህቴ ዓይን ግን እሱ ላይ አልነበረም። የደረጃውን በር ታይ ነበር። እሱም ወደዚያው ዞሮ፣ «ኩኩ፣ ነይ ውጪ» አለ።

በሩ ገርበብ ያለ ነበር። ልጅቷ ከበሩ ኋላ ነበረች፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ። እዚያ ያቆማት እሱ ነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ማለት ይኼው ነው።

ኩኩ ወጣች። ልብሷ ንጹሕ ነው፣ ፀጉሯ ተሠርቷል፣ ቦርሳዋ ታስሮ እጇ ላይ ነው። ልትሄድ ተዘጋጅታ ነበር ማለት ነው። ወደ እናቷ ግን አልመጣችም።

«አልመታሁትም ብለሽኝ ነበር» አለች።

እህቴ አፏን ከፈተች። ባሏን አየችው። እሱ ሚዛኑን ይጠርጋል። አልመታሁም ካለች እዚያው ሰው ፊት ውሉ ፈረሰ፤ መታሁ ካለች ደግሞ ልጇ ፊቷ ቆማለች።

«ኩኩዬ፣ ነይ እንሂድ። መንገድ ላይ ሁሉንም እነግርሻለሁ» አለች በመጨረሻ።

«እኔንም ትሰብሪኛለሽ?»

ልጅቷ ይህን ያለችው ተቆጥታ አይደለም። ለማወቅ ነው የጠየቀችው። ከዚያ ቦርሳዋን ጥላ የአባቷን ሽርጥ ጨበጠች፤ ደም ያለበትን ቦታ ነው የያዘችው። እሱ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። «እኔ ከለከልኩ? እናንተ ምስክር ናችሁ። ልጅቷ ናት የፈራችው» አለ።

እኔማ ጮህኩ። ከእኔ አፍ የወጣውን ስድብ እናቴ ብትሰማው ከመቃብር ትነሣ ነበር። አንድ ሰውዬ በትሕትና ክንዴን ይዞ፣ «ተዪ እትዬ፣ ዛሬ የይቅርታ ቀን ነው» አለኝ። ሌላው ከኋላ፣ «እኔ ከፍሪምባው ነበር የምፈልገው» አለ። መጋዙ እንደገና ተነሣ።

እህቴን እጇን ይዤ ሳብኳት። አልተንቀሳቀሰችም። ወደ ታች ታያለች። ውሻው አሁንም እግሯ ላይ ተኝቷል፤ እግሯን ለማውጣት በጫማዋ ገፋ ማድረግ ነበረባት። ሰው ሁሉ እግሯን እያየ ነው። ኩኩም እያየች ነው። እህቴ ያንን ውሻ መንካት ፈራች።

እንደዚያ ሆና ቆመች። ሰው ሥጋውን እያስጠቀለለ አጠገቧ አለፈ።

«ሙዳ!» አለች ኩኩ፣ ከሽርጡ ጀርባ ሆና። «ና ወደዚህ! ከእሷ ራቅ!»

ውሻው ተነሣና ወደ ልጅቷ ሄደ። እኛም ወጣን።